ምን ጠፋብሽ?

ፒያሳ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ተንበርክኬና ቀኝ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ የድንጋይ ግንብ ቀዳዳ ውስጥ ከትቼ ያገኘኝ የመጀመሪያው ሰው የአንድ ወርቅ ቤት ጥበቃ ነው። "ሌባ ነሽ ወይ?" ቢለኝ የምሰጠው መልስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የመምህርነት መታወቂያዬንም ቦርሳዬ አፍ ላይ አድርጌዋለሁ። እሱ ግን ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ጎንበስ ብሎ፣ "እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?" አለኝ።

"ኧረ ምንም።"

"ምንም ያልጠፋበት ሰው እንዲህ አይንበረከክም" አለና እሱም ተንበረከከ።

ጥላ የያዘች ሴት ቆመች። "ምን ጠፍቷት ነው?" ስትል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ጥበቃው "የጆሮ ጌጥ መሰለኝ" ብሎ መለሰላት። ሎተሪ አዟሪ ደረሰ። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቦርሳቸውን አስቀምጠው የእግረኛውን መንገድ ይቃኙ ጀመር፤ አንደኛው በዚያ ፀሐይ የስልኩን ባትሪ አበራ። አንድ ሽማግሌ "የወርቅ ነው የብር?" ብለው ጠየቁና መልሱን ሳይጠብቁ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እግሩን እያየ እንዲራመድ አዘዙ። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት የምፈልገውን ነገር ይዤዋለሁ። ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ብልቃጥ ናት። በጡጫዬ ጨብጬ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ምን ብዬ ልውጣ እያልኩ ሳስብ ሌላ መላ ስላጣሁ "አገኘሁት!" ብዬ ጮህኩ። አጨበጨቡልኝ! አንዱ "ተመስገን" ይላል፣ ሌላው "አልሐምዱሊላህ" ይላል፤ እስቲ አሳዪን ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። ጥበቃው ሱሪውን አራገፈና "ሁለተኛ አጥብቀሽ አድርጊው" ብሎ መክሮኝ ወደ በሩ ተመለሰ።

ልቤ እንደዚያን ዕለት የዘለለበትን ጊዜ አላስታውስም። አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የማስተምር ሴት ነኝ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ በሰልፍ መካከል መቆም አልችልም፣ ፊልም ሳይ መጨረሻውን ሰው አስነግራለሁ። ያንን ቀን ግን አንዲት ብልቃጥ ፍለጋ አንድ ግንብ ስዳብስ ረፋዱ አልቆብኝ አልታወቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ኬክሮስና ኬንትሮስ የማስተምረውን ትምህርት በየዓመቱ ልጆች ይተኙበታል። እኔም ብሆን እተኛበት ነበር። አንድ ማታ የሚያነቃቃ ነገር ፍለጋ ስልኬን ስጎረጉር ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አገኘሁ። አንድ ሰው ትንሽ ዕቃ አንድ ቦታ ይደብቃል፤ የቦታውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር በኢንተርኔት ያወጣል። ሌላው በስልኩ ካርታ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋል። ሲያገኝ ውስጡ ባለችው ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ ከፈለገ ትንሽ ነገር ወስዶ በምትኩ ሌላ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ማንም ሳያየው እነበረበት ይመልሰዋል። በቃ፣ ሽልማትም የለው፣ ምንም የለው። ካርታውን ከፍቼ ስመለከት፣ ከዓመት ዓመት በማልፍበት በፒያሳ ግንብ ላይ አንዲት ነጥብ ቁጭ ብላለች። አንዱ መንገደኛ ደብቆ የሄደው ይሆናል። ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

"ማንም ሳያየው" የሚለው ሕግ ፒያሳን በማያውቅ ሰው እንደወጣ የገባኝ በዚያው ቀን ነው። ብልቃጧን ለመመለስ ኬክ ቤት ገብቼ ማኪያቶ እየጠጣሁ ጥበቃው ምሳ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ሲወጣ አየኝና ከማዶ እጁን አነሳልኝ፤ የጆሮ ጌጤን በሩቁ እያየ እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ይህንኑ ስተርክ እንቅልፋሞቹ ሁሉ ነቁ። ከኋላ ወንበር አንዱ "ቲቸር፣ ይሄማ ኩኩሉ ነው!" አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ነው። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ "ኩኩሉ!" ይላል፣ ተደባቂዎቹ ቦታ እስኪይዙ "አልነጋም!" ይላሉ፣ ሲጨርሱ "ነጋ!" ይሉና ፍለጋው ይጀመራል። የኛ አዲስነት ተደባቂው ሰው ሳይሆን ዕቃ መሆኑ፣ መደበቂያውም ግቢ ሳይሆን ዓለም መሆኑ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጂኦካሺንግ ያለ የለም፤ ለእኔም ምላሴ ላይ አልተመቸኝም ነበር።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል በመስኮት በኩል የምትቀመጥ አንዲት ተማሪዬ እጇን አወጣች። ሰፈሯ ፒያሳ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ቤተሰቧ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደ። ሴሚስተሩን እዚሁ ትጨርስ ተብሎ ከጨለማ ጀምራ ታክሲ እየቀያየረች ትመጣለች፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ነው የምታሳልፈው። ድምጿን ከሰማሁ ሰንብቻለሁ።

"ቲቸር፣ ቤቱ ቢፈርስ ቁጥሩም ይፈርሳል?"

"አይፈርስም" አልኳት። "ቁጥሩ የመሬቱ ነው።"

ተቀመጠች። በእረፍት ሰዓት ግን መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አንገቷ ላይ ካሰረችው ክር አንድ ቁልፍ አውጥታ አሳየችኝ። ሰማያዊ ክር የተጠመጠመበት፣ አንድ ጥርሱ የተጣመመ አሮጌ ቁልፍ ነው።

"የእቴቴ ቤት ቁልፍ ነው" አለችኝ።

እቴቴ የሚሏት እዚያው ግቢ በር ለበር የነበረች፣ ልጅ የሌላት ጎረቤታቸው ናት። የልጅቱ እናት ሥራ ስትውል እቴቴ ዘንድ ነው ያደገችው፤ ፀጉሯን የምትሠራት፣ ምሳዋን የምታበላት እሷ ነበረች። ሁለቱ ቤቶች ቁልፍ ተለዋውጠው ነበር፤ የእቴቴ ቁልፍ እነሱ ዘንድ፣ የእነሱ ቁልፍ እቴቴ ዘንድ። ወደ ማታ የግቢው ልጆች ሲጫወቱ እቴቴ በሯ ላይ ቆማ "ኩኩሉ!" ትላለች፤ ግቡ ማለቷ ነው። ይህቺ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ "አልነጋም!" ብላ ትደበቃለች። መነሣቱ ሲመጣ እነሱ ወደ አንዱ ዳር፣ እቴቴ ወደ ሌላው ዳር ሄዱ። የእቴቴ ስልክ አልሠራ አለ። እናትየው የሚያውቋትን ሁሉ ጠየቁ፣ የትኛው የኮንዶሚኒየም ሳይት እንደደረሳት የሚያውቅ ጠፋ።

"በራችን በነበረበት ቦታ ቁልፏን ብደብቅላት ታገኘዋለች" አለችኝ።

እቴቴ ስልኳ ተራ፣ ካርታ የሚባል ነገር የማታይ ሴት መሆኗን ጠይቄ ተረድቻለሁ። እንዴት እንደምታገኘው ስጠይቃት ልጅቱ ትከሻዋን ሰብቃ "ፒያሳን መርገጥ አትተውም" ብቻ አለች። ጨዋታው እንዲህ እንደማይሠራ ላስረዳት ይገባ ነበር። ግን ያን ያህል ቃል በአንድ ቀን ተናግራ አታውቅም፤ እኔም ጉጉት ሲይዘኝ ማሰቢያዬ አይሠራም። "እንደብቃለን!" አልኳት። እናቷ ብቻዋን ፒያሳ መውረድ ከልክለዋታል፤ ከትምህርት ቤት ጋር ከሆነ ግን ፈቅደዋል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ደግሞ ቤቷ አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤት ልትዛወር ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ክበብ መመሥረትና ልጆቹን ከግቢ ማስወጣት ነበረብኝ።

ዳይሬክተራችን ሐሳቡን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ካወለቁ መልሱ እምቢ ነው።

"ልጅ ይዘሽ ወጥተሽ ድንጋይ ሥር እጃቸውን ያስገቡ? ወላጅ ቢያይ ምን እላለሁ? ጂፒኤስሽ የጠፋ ልጅ ይመልስልኛል?"

"እርስዎም ይምጡና ይዩት" አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

መነጽሩን መልሰው አደረጉት። አንድ ቅዳሜ ተፈቀደ። ሦስት ዕቃ እደብቃለሁ። ልጆቹ ሦስቱንም ካገኙ ክበቡ ይኖራል፣ የልጅቷንም ቁልፍ በዚያው ቀን ሄደን እናስቀምጣለን። አንዱ ከጠፋ፣ ያን ጊዜውኑ ወደ ግቢ ተመልሰን ወሬው ይዘጋል። "የማይገኝ ነገር ማስፈለግ ሥራ አይደለም" አሉኝ።

ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ሦስቱን የፕላስቲክ ዕቃዎች ደበቅኩ። አንዱን የድንጋይ ደረጃ ሥር፣ አንዱን የአንድ አሮጌ ሕንፃ የውሃ መውረጃ ቱቦ ኋላ፣ ሦስተኛውን ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ አጥር ሥር። እያንዳንዱ ውስጥ ወረቀት፣ እርሳስና ከረሜላ አለ። ማንም አላየኝም ብዬ አምኜ ነበር። ፒያሳ ላይ!

ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎን አልፈን ስንወርድ ልጆቹ መንገዱን ቀወጡት። ለተማሪ ስልክ ክልክል ስለሆነ የያዝነው የእኔንና የዳይሬክተሩን ስልክ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ስልካቸው ከእጅ እጅ ሲዞር እያዩ አብረው ይዞራሉ። "ቀኝ! ቀኝ! ኧረ አለፍነው!" እየተባለ ደረጃው ጋ ስንደርስ አንዲት ትንሽዬ ልጅ ሥሩ ገብታ ዕቃውን ይዛ ወጣች። ጩኸቱ! ባለ ጁስ ቤቱ ጎል የገባ መስሎት ወጣ። ልጆቹ እየተገፋፉ ፈረሙ፣ ከረሜላውን ተካፈሉ፣ በምትኩ የፀጉር ማስያዣ ጨመሩ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከንፈራቸው ግን ፈገግ ሊል ሲታገል አይቻለሁ።

ሁለተኛው ጋ ደረስን። ልጆቹ ቱቦውን ከበው ዳበሱ፣ አጎነበሱ፣ ተንጠራሩ። አንዱ ቀና ብሎ በአራዳኛ ፍርዱን ሰጠ፦

"ቲቸር፣ ወፍ የለም።"

"እንዴት የለም! እዚሁ ነው ያስቀመጥኩት!" ልጆቹን ገፍቼ ራሴ ገባሁ። ባዶ ነው። እውነት ለመናገር ፊቴ ጋለ። ዳይሬክተሩ በዝግታ እጃቸውን ወደ መነጽራቸው ሲያነሡ አየሁ። ልጅቷንም አየኋት፤ አንገቷ ላይ ያለውን ክር በጣቷ ይዛ ዙሪያዋን ትቃኛለች። ቱቦውን እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

"ቲቸር" አለችኝ፣ "ሱቅ ጠይቀዋል?"

"የምን ሱቅ?"

"የወደቀ ዕቃ እኮ እዚህ ሰፈር ቅርብ ያለ ሱቅ ነው የሚሰጠው። ባለቤቱ ሲያልፍ እንዲያየው በር ላይ ይሰቅሉታል።"

ዞራ ወደ አንድ ኬክ ቤት ሮጠች፤ እኛም ተከተልናት። በሩ ብረት ላይ በላስቲክ ክር ታስሮ የእኔ ዕቃ ተንጠልጥሏል! አጠገቡ አንድ እግር የሕፃን ጫማና የማን እንደሆነ የማይታወቅ የመነጽር መያዣ አለ። ከባንኮኒው ኋላ ያለችው ሴት "ጠዋት ጠራጊዋ አግኝታው ነው፤ የናንተ ነው እንዴ? እኛ እኮ የልጅ ምሳ ዕቃ መስሎን አዘንን" አለች። ልጆቹ በደስታ ዘለሉ። እኔ ልጅቷን አቅፌ ልስማት ስል አመለጠችኝ፤ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚወስደውን መንገድ ይዛ ከፊት እየመራች ነው። እንቅልፋሟ ልጅ እሷ ናት ብል ማንም አያምነኝም።

ሦስተኛው ቦታም ባዶ ነበር። ይህን ጊዜ ግን ማንም ወፍ የለም አላለም፤ ሁሉም ጭንቅላቱን አዙሮ ቅርብ ያለ ሰው ፈለገ። አጥሩ ጥግ አንድ ጎልማሳ ሊስትሮ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። እኛን ሲያይ ከሳጥኑ ሥር ዕቃዬን አወጣና መልሶ ጉያው ውስጥ ከተተው።

"ምልክቱን ተናገሩ" አለ።

"ወንድሜ፣ የትምህርት ቤት ነው" አልኩት።

"ይሁና! ሁሉም የኔ ነው ይላል። ምልክቱን ተናገሩ።"

ልጆቹ ባንድ አፍ ይጮሁ ጀመር፤ እሱ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸውና ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። "ትልቅ ሰው ይናገር። ጋሼ፣ ክዳኑ ምን ዓይነት ነው?"

ዳይሬክተራችን፣ ለሃያ ምናምን ዓመት ሲጠይቁ እንጂ ሲጠየቁ ያልታዩት ሰው፣ ወደኔ አዩ። ልጆቹ ከኋላቸው በሹክሹክታ ይነግሯቸዋል። "አረንጓዴ" አሉ። ውስጡስ? "ከረሜላ... እርሳስ..." የእርሳሱ ቀለምስ? "ቢጫ! ቢጫ ነው!" ብለው ራሳቸው ጮኹ። ሊስትሮው "እንኳን ደስ ያለዎት" ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ልጆቹ ዳይሬክተሩን እንደ ግብ አስቆጣሪ ከበቧቸው። ወረቀቱን ያወጡት እሳቸው፣ በመጀመሪያ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው፤ ፊርማቸው ግማሹን ወረቀት ያዘ። "ቀጥሎ የት ነው?" አሉኝ።

ቀጥሎ የልጅቷ ቤት ነበር።

ቁጥሩን ያገኘነው ከስልኬ የሳተላይት ፎቶ ላይ ነው። ካርታው መነሣቱን ገና አልሰማም፤ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ እንዳሉ ነበሩ። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ፎቶውን ስናይ ሰማያዊ የውሃ ታንከር ካለበት ጣሪያ አጠገብ ጣቷን አሳርፋ "ይሄ በራችን ነው" ብላ ነበር። አሁን ስልኩ እየመራ ያደረሰን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። ሣር፣ አዲስ የመብራት ምሰሶ፣ የብረት አግዳሚ ወንበር። ያምራል፣ አልዋሽም። እሷ ግን ወንበሩ ጋ ስትደርስ ሳታስበው እግሯን ከፍ አድርጋ ተራመደች፤ በዚያ ቦታ የነበረ ደፍ መሆን አለበት። 

የቅባት ቆርቆሮ አዘጋጅተን ነበር። ከተበላሸ የድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ሥሩ ለጥፈንበታል። ቁልፉን ከአንገቷ ፈታ አስገባች። "ይህ የተማሪዎች የፍለጋ ጨዋታ ነው፤ እባክዎ በቦታው ይተዉት" የሚል ወረቀት ጨመርን፤ ቆርቆሮውን ከወንበሩ ሥር ስታስጠጋው ጧ ብሎ ተያዘ። ዳይሬክተሩ በቆሙበት ጀርባቸውን ሰጥተው የሚከልሉ መስለው ቆዩ። ስንመለስ ስለ ክበቡ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ሰኞ ጠዋት ግን ሰልፍ ላይ "የኩኩሉ ክበብ" ብለው በማይክሮፎን አወጁ።

ሴሚስተሩ አለቀ፤ ልጅቷ ተዛወረች። በየሳምንቱ ወንበሩ ላይ ቁጭ እልና እጄን በሥሩ እሰዳለሁ፤ ቆርቆሮው አለ። ከዚያ አንድ ቀን የለም። ደሜ ፈላ! አትክልተኞቹን ጠየቅኩ፣ አላየንም አሉ። በደንብ ልብሱ የሚዞረውን ጥበቃ ጠየቅኩ፣ "ምን ጠፋብሽ?" አለኝና ከእኔ ጋር አጎነበሰ፤ አላገኘንም። ሱቅ መጠየቅ ትዝ አላለኝም አልልም፣ ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን ወንበሩ አጠገብ ሱቅ የለም፤ አንድ አዲስ ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ብቻ ነው ያለው። የድሮው ልማድ ደግሞ ከድሮዎቹ ቤቶች ጋር ሄዷል ብዬ ደምድሜ ነበር።

በዚያው ሰሞን ልጅቷ በእናቷ ስልክ ደወለች። እናቷ ለገበያ ፒያሳ ስለሚወጡ ይዘዋት ይመጣሉ፤ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ እንገናኝ፣ ቁልፉን ማየት እፈልጋለሁ አለች። በስልክ ልነግራት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ቅዳሜ እናትየው አደራ ብለው ለእኔ ትተዋት ገበያ ገቡ። ቁመት ጨምራለች። "የለም፤ ጠፋ" አልኳት፣ ባንድ ትንፋሽ፣ ሳልቀመጥ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አሻግራ ማዶ አየች።

"ቲቸር፣ ሱቅ አልጠየቁም አይደል?" አለችኝና እጄን ይዛ አሻገረችኝ።

ባለ ሱቁ ሸምገል ያሉ፣ ቆብ ያደረጉ፣ ከሌላ መንደር ተነሥተው እዚህ የከፈቱ ሰው ናቸው። ገና ሰላም ሳንላቸው "ምልክቱን ንገሩኝ" አሉ። ልጅቷ "ሰማያዊ ክር፣ ጥርሱ የተጣመመ..." ብላ ጀመረችና ቆመች። ዓይኗ በሩ ብረት ላይ ተተክሏል። በሽቦ ላይ ተሰክቶ የእቴቴ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ሌላ ቁልፍ አለ።

"ሁለት ነው" አለች በቀስታ።

"አትክልተኛው ወንበር ሲያጥብ አግኝቶ ቆርቆሮውን አምጥቶልኝ ነው" አሉ ባለ ሱቁ። "ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ጨዋታ ነው ይላል። ቁልፍ ግን ጨዋታ አይደለም። ወላሂ፣ አንድ ቦታ በር ላይ የቆመ ሰው አለ ብዬ ሰቀልኩት። ከዚያ አንዲት ሴት ጨው ልትገዛ መጣች፣ ቁልፉን አየችና ጨውንም ረሳችው። ምልክቱን ንገሪኝ አልኳት፤ ዓይኗን ጨፍና ነገረችኝ። ውሰጂ ስላት እምቢ! 'ያስቀመጠችው ልጅ ትመጣለች' ብላ ይሄንኛውን ከጎኑ ሰቀለችው። ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታያለች።"

ልጅቷ ሁለተኛውን ቁልፍ ያዘችው። "የኛ ቤት ነው" አለችኝ። "የኛን ቁልፍ የያዘችው እሷ ብቻ ናት፣ ቲቸር። እሷ ብቻ ናት!" እየሳቀች ነው። እኔ ደግሞ በጨዋታው ሕግ ብንሄድ ኖሮ ያ ቆርቆሮ እንደተደበቀ እንደሚቀር፣ እቴቴም ወንበሩ ላይ አረፍ ብላ እንደምትሄድ እያሰብኩ ነበር። ያገኘችው ሕጉ ስለተጣሰ ነው።

ዕለቱ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ጠበቅን። ባለ ሱቁ ኩርሲ ሰጡን፣ ለስላሳ ጋበዙን። ልጅቷ ግን በአንድ ጊዜ ብድግ ብላ ማቀዝቀዣው ኋላ ገባች፤ በመንገዱ ማዶ ቀጠን ያለች፣ ነጠላ ያጣፋች ሴት ፌስታል አንጠልጥላ ትመጣለች። ገባች፣ ቁልፎቹን በእጇ ዳሰስ አደረገች።

"ዛሬስ?" አለች።

ባለ ሱቁ መዋሸት አይችሉም፣ መናገርም አልፈለጉም፤ ዓይናቸው ወደ ማቀዝቀዣው ሄደ። የእቴቴም ዓይን ተከተለ። ከማቀዝቀዣው ጥግ የልጅ ጫማ ጫፍ ይታያል።  

"ኩኩሉ!" አለች።

 ከማቀዝቀዣው ኋላ፣ ግማሹ ልቅሶ ግማሹ ሳቅ የሆነ ድምፅ መጣ።

"ነጋ!"

ፌስታሉ ወደቀ፤ ሽንኩርቱ ሱቁን ሞላው። እነሱ ምንም አላዩም። ባለ ሱቁ ሶፍት ፍለጋ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ለማልቀስም እንዲመቸኝ ብዬ ተንበረከክኩና ባንኮኒው ሥር እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ የተንከባለለውን ሽንኩርት እለቅም ጀመር። አንድ መንገደኛ በሩ ላይ ቆመ፤ አንድ ጉልበቱን ከወዲሁ መሬት ላይ አሳርፏል።

"እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?"

"ምንም" አልኩት። "ተገኝታለች።"